ባሻን ግራና ያደረስኩ ዕለት

ቁጡ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ታሪኩ መሐል ላይ ስትደርሱ እንዳትደነግጡብኝ ነው። ወልድያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኞቼ ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። በዚያ ሰፈር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴት ብትኖር እንኳ የሚሰማት የለም። እኔ «የፍሬን ሸራ አልቋል» ለማለት ጭምር እጮኻለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አስካለ፣ አንቺ ስታንሾካሹኪ ጎረቤት ይነቃል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

አሁን የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ጠዋት ከወልድያ መናኸሪያ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ግራና አባቴ ደጃፍ ላይ ያልቃል። በመሐሉ አንድ በቀቀን አለ። አዎ፣ በቀቀን፤ ወፍ። የወፍ ታሪክ ነው ብላችሁ ልታልፉት ከሆነ እለፉት፤ እኔም ያን ጊዜ የወፍ ነገር ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

ታናሽ እህቴ ሙሉ ዐረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ስትሄድ የሠፈሩን ሰው ሁሉ በሳቅ የምትገድል ልጅ ነበረች። ስትመለስ ግራ እጇ በደንብ አይታጠፍም፣ አፏም አይናገርም። ዲዳ ሆነች ማለቴ አይደለም፤ «ብዪ» ሲሏት ትበላለች፣ «እሺ» ትላለች፣ በቃ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ተቀብዬ ወልድያ ቤቴ አመጣኋት።

ቤቴ ስንት ቀን እንደ ተቀመጠች ጠይቁኝ። አምስት ሳምንት። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ምን እንዳደረግኩላት ጠይቁኝ። ጮኽኩባት። «ምን አደረጉሽ? ተናገሪ እንጂ! ማን ነው እጅሽን የሰበረው? እኔ እህትሽ አይደለሁም ወይ?» በንዴት ነበር የምጠይቃት፤ ንዴቴ ግን በሷ ላይ አልነበረም። በላካት ደላላ ላይ፣ በዚያች ማዳሟ ላይ፣ «ሂጂ፣ ይቅናሽ» ብዬ በሸኘኋት በራሴ ላይ ነበር። እነሱ በአጠገቤ የሉም፤ ያለችው ሙሉ ናት። ስጮኽ ፊቴን አታይም ነበር። ዓይኗ ሁልጊዜ እጄ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ንቀት መሰለኝና የባሰ ተናደድኩ።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ አጣኋት። ሳትነግረኝ ግራና አባታችን ዘንድ ሄዳለች። ለጠየቀኝ ሁሉ «የወልድያ ጫጫታ አልተስማማትም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ የሚያስለቅስ ነበር። አባባ በስልክ «ከቤት አትወጣም፣ ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፣ እህል ከነካች ሁለት ጉርሻ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ግን ድምፁ ተለውጦ ደወለ።

«አስካለ፣ ዛሬ ተናገረች።»

«ምን አለች?»

«እዚያ ቤት በቀቀን ነበር አለች። ቤቱን የማጸዳለት እኔ ነበርኩ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል በደግ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሰች። ደህና ለቅሶ ነው ልጄ፣ አትደንግጪ። ከመጣች ስታለቅስ ገና ዛሬ አየኋት።»

ስልኩን ዘጋሁና በቀቀን ፍለጋ ወጣሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ነገሩ ሲገባኝ አላድርም። መካኒኮቹ ሳቁብኝ። አንደኛው ግን እትዬ ትርሓስን ያውቃት ነበር።

እትዬ ትርሓስ ሐራ ላይ የባቡሩ ሥራ በነበረ ጊዜ የፈረንጆቹ ካምፕ ምግብ አብሳይ ነበረች። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ መሐንዲስ በቀቀኑን ለሷ ጥሎላት ሄደ። ወፉ ግራጫ ነው፣ ጭራው ብቻ ቀይ፤ የድሮ ዘበኛ ካፖርት የለበሰ ይመስላል። ለዚህ ነው ባሻ ያለችው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ልጁንና ፍራሹን ይዞ ሲሸሽ እሷ ባሻን በዘንቢል ይዛ ነው የሸሸችው። አሁን ደግሞ ደረቷን አስም ያዛት፤ ከወፉ ላባ የሚበነው አቧራ አባሰባት፤ ሐኪሙ «ወይ እሱ ወይ አንቺ» አላት። ለማን እንደምትሰጠው ጨንቋት ነበር።

ስለ ሙሉ ስነግራት ብዙ አልጠየቀችኝም። «ውሰጂው» አለችኝ፤ «ግን እኔ እንዳልኩሽ ነው የምትወስጂው።»

እንዳለችኝ አደረግኩ። የሰፈሬ በያጅ በአንድ እጅ የሚያዝ የሽቦ ቤት ሠራልኝ፤ ቀለም እንዳይቀባው፣ ወፉ ይነክሰዋልና አለች፤ አላስቀባሁትም። መሐሉ ላይ የወይራ እንጨት መቆሚያ አደረግን። አዲሱ ቤት በሩ ተከፍቶ ከባሻ አሮጌ ቤት አጠገብ አንድ ሳምንት ተቀመጠ፤ እንዲለምደው። በሦስተኛው ቀን ራሱ ገባበት። የእትዬን አሮጌ ሻሽ ከሥሩ አነጠፍንለት፣ ሽታዋ እንዳይለየው። በመጨረሻው ቀን አንድ ደንበኛዬን ለምኜ ባሻን የቆመ መኪናው ውስጥ አስገባነው። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ፣ ከዚያ ቀስ ብለን ሰፈሩን ዞርን። ባሻ ረጋ ሲል ካምፑ ውስጥ የለመደውን የገልባጭ መኪና ድምፅ አወጣ፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸውን፤ ቲት፣ ቲት፣ ቲት። ደንበኛዬ ከኋላው መኪና የመጣበት መስሎት ፍሬን ያዘ። እትዬ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

«ይህን ድምፅ ካወጣ ደህና ነው ማለት ነው» አለችኝ። «ዝም ካለ ግን ፈርቷል። ስሚኝ፤ ጠዋት ብዙ አታብይው፣ መንገድ ላይ ያስመልሰዋል። ውኃ በዕቃ አታስቀምጪ፣ ይደፋበታል፤ ብርቱካን ቆርጠሽ ስጪው፣ ከሱ ይጠጣል። በሦስት በኩል ሸፍኚው፣ በአንዱ በኩል አንቺን ይይ። አቮካዶ እንዳትሰጪው፣ ለሱ መርዝ ነው።»

«እሺ።»

«ደግሞ አትጩኺ። ከሽሽቱ ወዲህ ጩኸት አይችልም።»

«እኔ መቼ ጮኽኩ!» አልኩ።

ባሻ ከመቆሚያው ወርዶ ጥግ ገባ። እትዬ ትርሓስ እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። እኔም ወፉ ደክሞት ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ መርሳ ያወርደኛል። ባሻን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ብርቱካን ልገዛ ወረድኩ። ተመለስኩ፤ ወንበሬ ባዶ ነው።

ረዳቱ ጺሙ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው። «ወንበሩ ላይ የነበረው የት አለ?» አልኩት።

«ላይ ነው።»

«ላይ የት?»

«እንዴ! ዶሮ የት ይሄዳል? ከዶሮ ጋራ ነዋ!»

ቀና ብዬ አየሁ። የመኪናው ጣሪያ ላይ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች አንገታቸው ተዘቅዝቆ ተንጠልጥለዋል። የኛ አገር ወፍ የሚጓዘው እንዲህ ነው፤ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሲሆን ያየነው ይህ ነው። ቀሚሴን በአንድ እጄ ሰብስቤ በመኪናው መሰላል ወጣሁ። የሽቦ ቤቱ በጎኑ ተጋድሟል። በገመድ ጠፍረውታል። ሽፋኑ ተንሸራቶ ከሥር ገብቷል። ባሻ በአፉና በእግሩ ሽቦውን ነክሶ ተንጠልጥሏል፤ የዓይኑ መሐል ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ከሚጻፈው ውስጥ «ደንቆሮ»፣ «አንተን ራስህን ገልብጬ ሳስርህ ታየዋለህ» እና «እናትህ ምን አጥብታህ ነው ያደግከው» ይገኙበታል። መናኸሪያው ሥራ አቆመ። ጫማ የሚያስጠርገው እግሩን እንዳስቀመጠ አንገቱን አዞረ።

ረዳቱም አልተኛልኝም። «አንቺ ሴትዮ፣ ወፍ አይደለም ወይ? ምን ሁነሽ ነው? የሰው ልጅ ጣሪያ ላይ የጫንኩብሽ አስመሰልሽው እኮ!»

«እህቴ ናት!» አልኩ።

ከአፌ አምልጦኝ ነው። ለእህቴ ነው ልል ነበር። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ረዳቱም ሳያየው አልቀረም መሰለኝ፣ ገመዱን ራሱ ወጥቶ ፈታልኝና የሽቦ ቤቱን በሁለት እጁ አቀበለኝ። አላመሰገንኩትም። ተናድጄ ነበራ።

ባሻን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከአጠገቤ አንድ አዛውንት አሉ፤ አባ እንድሪስ ይባላሉ፣ ወልድያ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ግራና የሚመለሱ። «እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ፤ «እንግዳሽ የየት አገር ሰው ነው?»

«የሩቅ ነው አባ» አልኩ። ለታመመች እህቴ እየወሰድኩት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰምተው «አላህ ያሽርልሽ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ለኔ ግን የዓመት ሆነብኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው መስኮት ከፈተ፤ «ዝጋው! ነፋስ ይገባበታል!» አልኩ። ከኋላ አንዱ በስልኩ ዘፈን ከፈተ፤ «ቀንሰው! አታይም?» አልኩ። ሾፌሩ ጉድጓድ ሳይመርጥ ሲነዳ «በቀስታ ንዳ እንጂ!» አልኩ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር ሽፋኑን ገልጬ አየዋለሁ፤ ባሻ ይብሱን ወደ ጥግ ተጠግቷል። ላባውን ሰውነቱ ላይ ለጥፎ ቀጥኗል። እኔም፣ አያችሁ፣ ሰዎቹ እያስፈራሩት ነው እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እጮኻለሁ። ስሪንቃን ስናልፍ ሚኒባሱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ባሻም ቲት ቲቱን አላሰማኝም። ሞቶ ብደርስ ለሙሉ ምን እላታለሁ? ይህችን አንዲት ነገር እንኳ ካበላሸሁ እንደገና ከዚያች ጓዳ ማን ያወጣታል?

መርሳ ላይ መኪና ሲቆም የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል። ገና ጎማው ሳይቆም ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ የሞላባቸው ሳፋዎች በየመስኮቱ ይሰለፋሉ። «እንቺ፣ የኛ እናት!»፣ «ቅመሽው፣ ካልጣፈጠሽ ተይው!» እጅ በእጅ ላይ ይደራረባል። እኔ በአንድ እጄ ሽፋኑን ይዤ፣ በሌላው ሳፋ እየመለስኩ፣ ዘንቢሌን በእግሬ እፈልጋለሁ።

ዞር ስል አባ እንድሪስ አንድ ትልቅ አቮካዶ በሰንጢ ሰንጥቀው፣ የበሰለውን ሥጋ በጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ በሽቦው መሐል ወደ ባሻ አፍ አስጠግተዋል። «በል እንካ፣ እንግዳ አገራችን ገብቶ ሳይቀምስ አያልፍም» ይሉታል፤ በፍቅር።

እጃቸውን መታሁት።

ቀስ ብዬ አይደለም፤ በኃይል። አቮካዶው ሄዶ ነጭ ኩታቸው ላይ ተለጠፈ። «ልትገድለው ነው? ማን ስጠው አለህ? ምን ዓይነት ሰው ነው የማያውቀውን ነገር የሚነካ!» አልኩ። አባቴን የሚያክሉ ሰው ላይ። አንቱታው እንኳ ከአፌ ጠፋ፤ እኔ ግራና ያደግኩት።

በዚያው ቅጽበት የሽቦ ቤቱ ጭኔ ላይ ተናወጠ። ባሻ ከመቆሚያው ወደቀ፣ በክንፉ ሽቦውን መታ፣ ዞረ፣ እንደገና መታ። ግራጫ ላባ በሚኒባሱ ውስጥ በነነ። ጸጥ ሲል የእትዬ ሻሽ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። ከክንፉ ላይ አንድ ላባ ተሰብሯል።

«ነውር ነው!» አለች ሳፋ የያዘችው ሴት በመስኮቱ። «ሽማግሌ ይመታል?» ሌላውም ቀጠለ። ረዳቱ ዘንቢሌን አውርዶ መሬት አስቀመጠልኝ፤ ውረጂልን ማለቱ ነው። ወረድኩ። አባ እንድሪስም ወረዱ፤ መንገዳችን አንድ ነውና።

እግዜር ሲፈርድባችሁ እንዲህ ነው፤ ወደ ግራና የሚሄደው ባጃጅ አንድ ብቻ ነበር። የኋላው ወንበር ላይ እኔና እሳቸው፣ በመሐላችን ባሻ። ኩታቸው ላይ የአቮካዶው እድፍ አለ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። «መርዝ ነው አሉኝ» አልኩ፣ ፊቴን አዙሬ።

«አላወቅኩም ልጄ። አንቺ ልክ ነሽ» አሉ። ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ሰው ሲሳደቡት መልሶ ቢሳደብ ይሻላል።

ጥቂት ሄድን። ከዚያ «አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝም?» አሉ።

«ይበሉ።»

«ከወልድያ ጀምሬ አየሁት። ሲንገጫገጭ አይፈራም። ዘፈኑንም አልፈራም። አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ነው ጥግ የሚይዘው። ዓይኑ እኮ ፊትሽ ላይ አይደለም፤ እጅሽ ላይ ነው።»

«እኔ ነኝ የማስፈራው? እኔ እሱን ለማዳን አይደለም ወይ የምሟገተው!»

ይህንንም ጮኼ ነው ያልኩት። ባሻ ጥጉን ያዘ። አባ እንድሪስ አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ሳቁ ይሁን አዘኑ አላውቅም። «አብሽሪ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው በጣም በዝግታ መንዙማ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ለኔ የሚሰማ አይመስልም፣ ለወፉ ብቻ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው አስቀምጠዋል። ኮረኮንቹ ያነጥረናል፤ አቧራው ይገባል፤ እኔ አፌን ነክሼ ይዣለሁ። ባሻ መጀመሪያ ላባውን ነሰነሰ፤ ቀጥሎ አንድ እግሩን አነሳ፤ ከዚያ በአፉ ሽቦውን እየያዘ ወደ መቆሚያው ወጣ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁ። በእሳቸው ቀናሁ፤ በወፉ ተናደድኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቄን እየዘጋሁ የተቀመጥኩልህ እኔ ነኝ እኮ፣ አልኩት በልቤ። አባ እንድሪስ ግራና ገበያው አጠገብ ወረዱ። «ሰላም በይልኝ እህትሽን» ብለው ሄዱ። ይቅርታዬን እንደያዝኩት ቀረሁ።

አባባ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ባለባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። አንዴ አይደለም። እንግዳ አመጣሁ ለማለት ሰርግ እንዳጀበ ሰው ደጋገመው። ባሻ እንደገና ወደቀ።

አፌን ነክሼ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። ከባጃጁ ዘልዬ ወረድኩ፤ የሽቦ ቤቱ በአንድ እጄ ነው፣ ሌላው እጄ ባለባጃጁ ፊት ላይ። «አንተ የማትረባ! እዚህ ድረስ አምጥቼ በር ላይ ልትገድልብኝ ነው?» እሱም ወረደ፤ «በጥሩምባ የሞተ ወፍ አሳዪኝ!» አለ። አባባ በከዘራው እየተደገፈ ወጣ፤ «ኧረ ምንድን ነው፣ ኧረ ልጄ» ይላል። የሚሰማው የለም። እጄን ባወዛወዝኩ ቁጥር የሽቦ ቤቱም አብሮ ይወዛወዛል፤ አላስተዋልኩም።

«ዝም በይ!»

ድምፁን አላወቅኩትም። ከአባባ ኋላ፣ ከበሩ ላይ ነው የመጣው። ቤቱ የተናገረ ያህል ደነገጥኩ።

«ዝም በይ አስካለ! እያስፈራሽው ነው! አታይም? አንቺ ነሽ የምታስፈሪው!»

ሙሉ ናት። ነጠላዋ መሬት ወድቋል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ከዐረብ አገር ከመጣች ድምፅዋን ከትንፋሽ በላይ ሰምቼው አላውቅም፤ አሁን ጎረቤት ሁሉ በር ከፈተ። በፍጥነት መጥታ የሽቦ ቤቱን በደህና እጇ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሁልጊዜ ትጮኺያለሽ! ሁልጊዜ! አትጠግቢም?»

ባለባጃጁ ቀስ ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። አባባ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። እኔ፣ መናኸሪያ ሙሉ ሰው ጸጥ ያሰኘሁት፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሙሉ የሽቦ ቤቱን ከግድግዳው ጥላ ሥር መሬት ላይ አኖረችው። ሽፋኑን በአንድ በኩል ብቻ ገለጠች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው ያለው። ትንሽ ራቅ ብላ ተንበረከከችና ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። የማይታጠፈውንም እጇን፣ እያመማት። ባሻ እጇን ፈለገ፤ አጣው። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። እሷም እኔ የማላውቀውን የዐረብኛ ቃል በለሆሳስ ታወራው ጀመር።

ብዙ ቆየች። እኛም ብዙ ቆየን። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ከጥላው ሥር ቲት፣ ቲት፣ ቲት የሚል ድምፅ ወጣ። አባባ መኪና መጣ ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ። ሙሉ ሳቀች።

በኋላ፣ እኔ ገና ድንጋዩ ላይ እንዳለሁ፣ መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። «ማዳሟ መጀመሪያ ትጮኻለች» አለችኝ፤ «ከጩኸቱ ቀጥሎ እጇ ይመጣል። ስለዚህ እጅ ነው የሚታየው።» በቃ፣ ይህን ያህል ነው የነገረችኝ። አምስት ሳምንት በጩኸት ስጠይቃት የነበረው መልስ ይህ ነበር። መልሱን ያጣሁትም በጥያቄዬ ድምፅ ምክንያት ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ቁጣ ኃጢአት ነው፣ ተዉት ልላችሁ አይደለም። እኔ ዛሬም እቆጣለሁ። በዚያች ማዳም ላይ እንደተናደድኩ እሞታለሁ፤ ልጅ በተስፋ ሸንግሎ የሚልክ ደላላ ሳይ ደሜ ይፈላል፤ መፍላትም አለበት። ሙሉም የዳነችው በቁጣ ነው ብል አላፍርም። በዚያች ቀን ደጃፍ ላይ የጮኸችው ለሌላ ፍጡር ብላ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለራሷም መናገር ቻለች። የኔ ቁጣ ግን አድራሻውን ስቶ ነው የኖረው። ሊደርስበት የሚገባው ሰው ሩቅ ሲሆን ቅርብ ያለው ላይ ይወድቃል፤ እኔ ግን ጥብቅና የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። እናንተ ቤት ውስጥ ስትናገሩ ፊታችሁን ትቶ እጃችሁን የሚያይ ሰው አለ ወይ? ዛሬ ማታ እዩ። ካለ ለምን ዝም ትላለህ ብላችሁ አትጩኹበት።

አባ እንድሪስን በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈልጌ አገኘኋቸው። አዲስ ኩታ ይዤላቸው ነበር። ስለ ኩታው አልጠየቁኝም፤ «ወፉስ? ደህና ነው?» አሉኝ። ያን ዕለት የያዝኩትን ይቅርታ ሰጠኋቸው።

አሁን ግራና ስሄድ በሩ ላይ ስደርስ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ሰው ሲያየኝ የታሰርኩ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ባሻ እስካሁን ድምፄን ሲሰማ ጥጉን ይይዛል፤ አልፈርድበትም፣ እሱ የሚያውቀው ያየውን ነው። ሙሉ ግን በሩን የምትከፍትልኝ ራሷ ናት። ሰላም ከማለቷ በፊት፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በይ» ትለኛለች። እኔም ቀስ እላለሁ።